ምዕራፍ ሰባት፦ የተማሪ እርሳስና የሠዓሊ እርሳስ

ሁለት ቀይ እርሳሶች በአንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ቁመታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም የእንጨት ልብስ ለብሰዋል፤ ሁለቱንም ቀርጸን በነጭ ወረቀት ላይ ብንስባቸው ቀይ መስመር ያወጣሉ። ይሁን እንጂ አንደኛውን ብቻውን ለመግዛት የተከፈለው ገንዘብ ከሁለተኛው ዓይነት ዐሥራ ሁለቱን ከነማኅደራቸው ሊያስገዛ ይችል ነበር። ባለሱቁ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ይህ የተማሪ ነው፤ ያ የሠዓሊ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጁን ይዞ ከመደርደሪያው ፊት የቆመው አባት፥ ወይም ከደመወዟ ቆጥባ ሥዕል ለመማር የተነሣችው ወጣት፥ ስሙን ከመስማት አልፈው የዋጋው ልዩነት ከየት እንደ መጣ፥ ገንዘባቸውም በምን ላይ እንደሚውል ሊያውቁ ይገባቸዋል። እኔ የዚህን ልዩነት ምንጭ ለብዙ ጊዜ በእንጨቱና በማኅተሙ ላይ ስፈልግ ቆይቼ፥ በመጨረሻ ያገኘሁት በቀለሙ ዱቄትና በፀሐይ ብርሃን ዘንድ ስለ ሆነ፥ ይህን ምዕራፍ ይልቁንም ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ለማስረዳት አውዬዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቋንቋችን ይህን መጻፊያ «እርሳስ» ያልነው በከባዱ ማዕድን ስም ነው፤ ጀርመኖችም እስከ ዛሬ ድረስ መጻፊያቸውን በዚያው ማዕድን ስም ይጠሩታል። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በቦሮውዴል ሸለቆ ግራፋይት በተገኘ ጊዜ፥ ጥቁርነቱንና ብልጭታውን ያዩ ሰዎች ከእርሳስ ወገን የሆነ ማዕድን መስሏቸው ነበርና፥ ስሕተቱ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በተራው ጥቁር እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 ሁለቱን ቀላቅሎ የመተኮስን ጥበብ ከገለጠ ወዲህ እንደ ገንቦና እንደ ጀበና በእሳት ውስጥ አልፎ ይጠነክራል። የቀለም እርሳስ ግን እሳት አያይም፤ ወደ እቶን ቢገባ ሰሙ ይቀልጣል፥ ከቀለሞቹም ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ከጥቁሩ እርሳስ ይልቅ ተሰባሪ የሆነው፥ ላጲስም እንደ ልብ የማያጠፋው፥ በዚሁ በጥሬነቱና በቅባቱ ምክንያት ነው።

በእንጨቱ መካከል ያለው የቀለም ዘንግ ከአራት ነገሮች ይሠራል። የመጀመሪያው ራሱ ቀለሙ ነው፤ ይኸውም እጅግ ደቅቆ የተፈጨ ዱቄት ነው። ሁለተኛው መሙያው ነው፤ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ፥ ጣልክ፥ ወይም ጠመኔ። ሦስተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱ የሚያያይዘው ሙጫ ሲሆን፥ አራተኛው ቅባቱ፥ ማለት ሰም ወይም ዘይት፥ አለዚያም የሁለቱ ቅልቅል ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተቦክተውና ታሽተው እንደ ሊጥ ከሆኑ በኋላ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፉ እንደ ፓስታ ረዝመው ይወጣሉ፤ በልክ ተቆርጠው ይደርቃሉ፤ ከዚያም በሁለት ቦይ በወጣላቸው ስስ ሳንቃዎች መካከል ተጣብቀው እርሳስ ይሆናሉ። የተማሪውም የሠዓሊውም እርሳስ በዚሁ ሥርዓት ያልፋሉ፤ ብዙ ጊዜም የሁለቱ አባት አንድ ኩባንያ ነው። በኑረምበርግ አጠገብ በሽታይን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1761 የተመሠረተው ፋበር ካስቴል ለልጆች የሚያወጣውን በቀይ ማኅደር፥ ለሠዓሊዎች የሚያወጣውን በአረንጓዴ ማኅደር ይሸጣል። እንግዲህ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሚዛኑ ላይ ነው ማለት ነው። ከአራቱ ነገሮች ውድ የሆነው የቀለሙ ዱቄት፥ ርካሽ የሆነው ደግሞ ሸክላው ነውና፥ በትንሽ ዋጋ የሚሸጠውን እርሳስ የሚሠራ ሰው የዱቄቱን መጠን ይቀንሳል፥ የሸክላውን ይጨምራል። በርበሬ በተወደደ ጊዜ ወጡ መልኩ ሳይጠፋ ጣዕሙ እንደሚሳሳ፥ እንዲህ ያለው እርሳስም ቀይነቱ ሳይጠፋ ኃይሉ ይሳሳል።

ይህንን መሳሳት እጅ ከዓይን በፊት ያውቀዋል። ሸክላ የበዛበት እርሳስ በወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይቧጭራል፤ ቀለሙ እንዲጎላ በኃይል ሲጫኑት ወረቀቱ ይተኛና ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ቀለም ልደርብበት ቢሉ የሚይዘው ሻካራ ገጽ ስለሌለ ይንሸራተታል። የቀለም እርሳስ ጥበብ ግን ሁሉ ነገሩ መደረብ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ የብርቱካንን ልጣጭ በአንድ ብርቱካናማ እርሳስ አይሠራውም፤ ከሥር ቢጫ፥ በላዩ ቀይ፥ ጥላው በሚያርፍበት ደግሞ ሰማያዊና ቡናማ እያደረገ፥ አምስት ስድስት ጊዜ በቀላል እጅ ይመላለስበታል። ዱቄቱ የበዛ፥ ቅባቱም የተመጠነ እርሳስ ይህን ሁሉ መመላለስ ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀለም በሁለተኛው ሥር እየታየ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ኅብር ይወለዳል። በተማሪ እርሳስ ይህን ለማድረግ የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርገዋል፤ «እጄ አልታደለም» ብሎ ሥዕልን የሚተውም አለ። እጁ ሳይሆን የያዘው መሣሪያ እንደ ከለከለው የሚነግረው ሰው ባለማግኘቱ አዝናለሁ።

የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ምሳሌ የወሰዱት ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል፥ ወርቁ ብቻውን ይቀራል። በቀለም እርሳስ ውስጥ ግን ሰሙ አይጠፋም፤ ከወርቁ ጋር፥ ማለት ከቀለሙ ዱቄት ጋር፥ በወረቀቱ ላይ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ሠዓሊው የሰሙንም ጠባይ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በሰም የሚያይሉ እርሳሶች፥ ለምሳሌ በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው ፕሪዝማከለር፥ እንደ ቅቤ የለሰለሱና ወረቀቱን ቶሎ የሚሸፍኑ ናቸው፤ ጫፋቸው ግን ቶሎ ይደንዛል፥ ሲጫኑትም ይሰበራል። በዘይት የሚያይሉት፥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1908 በ60 ቀለም ወጥቶ ዛሬ 120 የደረሰው የፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ፥ ጠንከር ያሉና ሹል ጫፍን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቁ ናቸው፤ ስለዚህ የወፍ ላባንና የቅጠልን ጅማት ለመሥራት ይመረጣሉ። ሁለቱም የሠዓሊ ማዕርግ ያላቸው ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ የሚያስመርጠው የእጅ ልማድና የሥራው ዓይነት ነው። በሰም እርሳስ በወፍራሙ የተሠራ ሥዕል ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉም የመሰለ ነጭ ግርዶሽ ሊወጣበት እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ ቀለሙ አልለቀቀም፤ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ቢያብሱት ይጠራል።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እርሳስ ለመሥራት የሚፈለገው እንጨት በመቅረጫ ሲቀረጽ ሳይሰነጠር በእኩል የሚላጥ፥ ቀጥ ያለና ለስላሳ እንጨት ነው። ቀድሞ ከሁሉ የተመረጠው የሰሜን አሜሪካ ቀይ ጥድ ነበር፤ እርሱ እየተመናመነ ሲሄድ ከካሊፎርኒያ የሚመጣው መዓዛማ ዝግባ ተተካ። በደጋችን የሚበቅለውን፥ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን ዙሪያ የከበበውንም ጥድ፥ የውጭ አገር የደን ሊቃውንት «የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ» ብለው ይጠሩታል፤ እርሱም ከሰሜን አሜሪካው ጥድ ጋር የአንድ ወገን ስለ ሆነ፥ በምሥራቅ አፍሪካ እየተሰነጠቀ ለእርሳስ ሥራ ውሏል። በርካሽ እርሳስ ላይ እንጨቱ ሻካራ መሆኑ ብቻውን ብዙ ባልጎዳ ነበር። የሚጎዳው ዘንጉ ከመካከል ሳይቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ሲቀርጹት በአንድ ወገን እንጨቱ ጫፉ ድረስ ይመጣል፤ ባለእርሳሱም ደጋግሞ እየቀረጸ ግማሹን በመቅረጫ ይጨርሰዋል። እርሳስ ሲገዙ ከበስተኋላው ጫፍ ገልብጦ የቀለሙ ክብ በእንጨቱ መካከል በትክክል ተቀምጦ እንደ ሆነ ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ ግን ሠዓሊው በሥራው ላይ ሳለ የሚያየው ልዩነት ነው። ከሥራው በኋላ፥ ሥዕሉ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ አመስግኖት ከሄደ በኋላ የሚገለጥ ሌላ ልዩነት አለ፤ እኔም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንዲት ዘመዴ የሠርግ ስጦታ እንዲሆን በግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የቡገንቪላ አበባ ሥዬ ነበር። ባለኝ የተማሪ እርሳስ ሠራሁት፤ አበባው እንደ እሳት የሚያበራ ወይን ጠጅና ጽጌ ረዳማ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ አደነቀው። በመስኮቱ ትይዩ ተሰቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ቤት ብጎበኝ አበባው አመድ መስሏል፤ ቅጠሉም አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ሰማያዊ አዘንብሏል። ዘመዴ ከአክብሮት የተነሣ አንዳች አልተናገረችም፤ እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ነገር ግን የሰጠኋትን ስጦታ ፀሐይ መልሶ እንደ ወሰደባት ያን ቀን ገባኝ።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ቀለም ማለት የብርሃንን ከፊል ውጦ ከፊሉን የሚመልስ ነገር ነው፤ የሚውጠው ብርሃን ደግሞ ኃይል አለው። ከብርሃኑ ይልቁንም ዓይን የማያየው፥ ከወይን ጠጁ ወዲያ ያለው ጨረር፥ በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ ያለውን የቅንጣቶች ማሰሪያ እየበጠሰ ቀለምነታቸውን ያጠፋዋል። ከብረት ዝገት የሚገኙት ቢጫ፥ ቀይና ቡናማ አፈሮች ቀድሞውኑ በተፈጥሮ ዝገው ያለቁ ስለ ሆኑ ብርሃን የሚጨምርባቸው ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። ጥላሸትም እንዲሁ ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥቀርሻ ያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ለብዙ መቶ ዓመታት ጥቁርነቱን ይዞ መኖሩን በየገዳማቱ ያሉት መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ከሰው ሠራሽ ቀለሞችም ጽኑዓን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ የዋለው ፍታሎሲያኒን የሚባለው ሰማያዊ ከፀሐይ ጋር የሚታገል ብርቱ ቀለም ነው። ቶሎ ኃላፊ የሆኑት ግን ደማቅ ጽጌ ረዳማዎች፥ ብዙዎቹ ወይን ጠጆችና የሚያንጸባርቁት አዳዲስ ቀለሞች ናቸው። ያሳዘነኝ ቅጠልም ከሰማያዊና ከቢጫ የተቀላቀለ አረንጓዴ ስለ ነበረ፥ ደካማው ቢጫ ሲሞት ሰማያዊው ብቻውን ቀረ።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ እነዚህ ኃላፊ ቀለሞች በመጀመሪያ ቀን ከጽኑዓኑ ይልቅ ያማሩ መሆናቸው ነው። የተማሪ እርሳስ ማኅደር ሲከፈት እንደ ቀስተ ደመና የሚያበራው ስለዚህ ነው፤ የሠዓሊው ማኅደር ከጎኑ ሲቀመጥ፥ በአፈር ቀለሞቹ ብዛት፥ አንዳንድ ጊዜ የደበዘዘ ይመስላል። በሱቅ ውስጥ በዓይን ብቻ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ በጣም የሚያበራውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚያበራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመሞት የቀረበው ነው።

ይህን ለማወቅ የሚረዱ ምልክቶች ተሠርተዋል። ከሁሉ የቆየው ጨርቅ አቅላሚዎች ይገለገሉበት የነበረው የሰማያዊ ሱፍ መለኪያ ነው፤ ስምንት የሱፍ ጥብጣቦች በልዩ ልዩ ሰማያዊ ቀለም ተነክረው ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ 1 ቶሎ የሚገረጣው፥ 8 ከሁሉ የሚጸናው ነው፤ እያንዳንዱም ጥብጣብ ከበፊተኛው በእጥፍ ያህል እንዲጸና ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የእንግሊዙ ደርወንት የእርሳሶቹን ጽናት በዚህ መለኪያ ይናገራል። ፋበር ካስቴል በፖሊክሮሞስ እርሳሶቹ አካል ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ኮከብ ያትማል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የተቋቋመው የቀለም እርሳስ ሠዓሊዎች ማኅበር አባሎች ሥዕላቸው እየገረጣ ቢያስቸግራቸው ራሳቸው ምርመራ ጀመሩ፤ በእነርሱም ትጋት ጭምር ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ6901 የተባለው፥ ለቀለም እርሳስ ብቻ የተወሰነ መመዘኛ ወጣ። የስዊሱ ካራን ዳሽ ሉሚናንስ ከተባለው እርሳሱ ስም አጠገብ 6901 የሚለውን ቁጥር የጻፈው ከዚሁ መመዘኛ ወስዶ ነው። በአብዛኛው የተማሪ እርሳስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይገኝም፤ ዝምታውን እንደ መልስ መቁጠር ይቻላል።

ሆኖም «የሠዓሊ» የሚለው ማዕርግ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። በውድ ማኅደሮችም ውስጥ አንድ ኮከብ ብቻ ያላቸው ጽጌ ረዳማዎችና ወይን ጠጆች አሉ፤ አምራቾቹ የሚያስገቧቸው ለኅትመት የሚሠሩ ሠዓሊዎች ስለሚፈልጓቸው ነው፤ ለእነዚህ ሠዓሊዎች ሥዕሉ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ከተነሣ ይበቃቸዋልና። ስለዚህ የሠዓሊውን እርሳስ የሚገዛ ሰው ማኅደሩን ሳይሆን እርሳሱን፥ እያንዳንዱን በየራሱ፥ ምልክቱን እየተመለከተ መግዛት አለበት። የሠዓሊ እርሳስ ትልቁ በረከትም እዚህ ላይ ነው፤ የተማሪው እርሳስ በጅምላ በማኅደር ሲሸጥ፥ የሠዓሊው በአብዛኛው አንድ በአንድ ይሸጣል፤ ያለቀውን ብቻ መተካት ይቻላል።

ስለ ልጆች የሚጠይቀኝ ወላጅ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ የተማሪውን ይግዛላቸው። ልጅ እርሳስን ይጥላል፥ ያኝካል፥ በሙሉ ክንዱ ይጫናል። ሸክላ የበዛበት ጠንካራ ዘንግ ለዚህ የተሻለ ነው፤ ለአውሮፓ ልጆች የሚሸጠውም ዕቃ ኢ.ኤን. 71 የተባለውን የደኅንነት ደንብ ማለፍ ግዴታው ነው። በጂኦግራፊ ደብተር ላይ የዓባይን ወንዝ በሰማያዊ የሚያሰምር ተማሪ መቶ ዓመት የሚጸና ቀለም አያስፈልገውም። ለንድፍና ለልምምድም የተማሪው እርሳስ ያገለግላል፤ አንዳንድ ሠዓሊዎች እስከ እርጅናቸው ድረስ ንድፋቸውን በእርሱ ይሠራሉ።

ሥዕልን ከልቡ ሊማር የተነሣ ሰው ግን 72 ቀለም ባለው የተማሪ ማኅደር አይታለል። ከ72ቱ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የማይለዩ ናቸው፤ የተደመረውም ድካም እንጂ ኃይል አይደለም። ገንዘብ ጨምሮም ቢሆን ዐሥራ ሁለት የሠዓሊ እርሳሶችን አንድ በአንድ ይምረጥ፦ አንድ ሎሚ መሳይና አንድ ሞቅ ያለ ቢጫ፥ አንድ ወደ ብርቱካን ያዘነበለና አንድ የጠለቀ ቀይ፥ ሁለት ሰማያዊ፥ አንድ አረንጓዴ፥ የቢጫ አፈር ቀለም፥ ቀይ ቡናማ፥ ጥቁር ቡናማ፥ ጥቁር፥ ነጭ። ከእነዚህ ዐሥራ ሁለት በመደረብ የሚወጣው ኅብር ለብዙ ዓመት ትምህርት ይበቃል። ነጩን ሳይፈትን አይግዛ፤ በጥቁር ወይም በቡናማ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢስብበት፥ የሠዓሊው ነጭ በግልጥ ይታያል፥ የተማሪው ነጭ ግን ከሞላ ጎደል አይታይም። በሱቅ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ የሚደረግ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ወረቀቱም አሲድ የሌለበት ይሁን፤ ቀለሙ ጸንቶ ወረቀቱ በራሱ ቢጫ ቢሆን ወጪው ከንቱ ነው።

ምልክት የሌላቸውን፥ አሁን በእጅዎ ያሉትን እርሳሶች በተመለከተ፥ አንባቢ ሆይ፥ የሚከተለውን ያድርጉ። በአንድ ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን እርሳስ የአንድ ጣት ስፋት፥ የሁለት ጣት ርዝመት ባለው አራት ማዕዘን ይቀቡ፤ ከሥሩ የቀለሙን ስም፥ ከወረቀቱ ጥግም ቀኑን ይጻፉ። የእያንዳንዱን ቀለም ግማሽ ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ካርቶን ሸፍነው፥ ከመስከረም ወር መጨረሻ ጀምሮ ፀሐይ በብዛት በሚገባበት መስኮት መስታወት ላይ ይለጥፉት፤ እስከ ጥር መጀመሪያም አይንኩት። ያን ጊዜ ካርቶኑን ሲያነሡ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ወገን እኩል የሆነውን እርሳስ በአንድ ማኅደር ያኑሩት፤ ለስጦታና ለግድግዳ የሚሆነው እርሱ ነው። የገረጣውንም አይጣሉት፤ ለልጅዎ ደብተር ይስጡት።